ነሐስ ያልነካው ማንገቻ

ምናሶ ማንገቻውን ከገንዳው አወጣችና ጉልበቷ ላይ አጋድማ ውሃውን በአውራ ጣቷ እየገፋች ታስወጣ ጀመር። ሌሊቱን ሲጠጣ ያደረ ቆዳ ነው። ትናንት እንደ እንጨት ደርቆ አልታጠፍ ያለው ዛሬ እጇ ላይ ይልመጠመጣል። ሊታጠፍ የተፈለገ ቆዳ መጀመሪያ ይነከራል፤ ይህን ከአባቷ ከተማረች ጀምሮ አንድም ቀን ቆም ብላ አስባበት አታውቅም።

ማንገቻው የንጉሡ ልጅ የአያስ ነው። ሰባት የበሬ ቆዳ ተደራርቦ፣ ከላዩ ነሐስ ለብሶ፣ እንደ ግንብ የሚቆመውን የአያስን ጋሻ ከትከሻው ላይ ያንጠለጥል የነበረው ይህ ወርዱ ከመዳፍ የሚበልጥ ጠፍር ነበር። ጋሻውን የሠራው የሌላ አገር ባለሙያ ነው። ማንገቻውን ግን የሰፉት እሷና ባሏ ዴክሲዮስ ናቸው፤ ተጋብተው ዓመት ሳይሞላቸው፣ አሥራ ሁለቱ የሳላሚስ መርከቦች ወደ ትሮያ ጦርነት በሚነሡበት ሰሞን። እሱ በወስፌ ይበሳል፣ እሷ ጅማቱን ታሳልፋለች። ዴክሲዮስ ግራኝ ስለነበር የበሳው ቀዳዳ ሁሉ ትንሽ ያዘነብላል። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላም ያዘነብላል። እሱ ራሱ ከመርከቦቹ ጋር ሄዶ አልተመለሰም። አያስም አልተመለሰም። አያስ እንዴት እንደ ሞተ በደሴቲቱ ላይ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። በገዛ ሰይፉ ነው ይባላል፤ እሱም በሹክሹክታ፣ አባቱ ንጉሥ ቴላሞን በሌሉበት።

ማንገቻውን ትናንት ጠዋት ያመጣላት የንጉሡ አዋጅ ነጋሪ ነበር። ቃሉንም አብሮ አደረሰ። አያስ ከፍርግያዋ ምርኮኛ የወለደው ኤውሪሳኬስ በነገው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የአባቱን ጋሻ አንግቶ ከመርከቦቹ ዳስ ተነሥቶ እስከ ንጉሡ ምድጃ ድረስ ይወጣል። በመንገድ ላይ የጋሻው ጠርዝ መሬት ካልነካ፣ ንጉሡ ምድጃቸው አጠገብ አስቀምጠው የልጅ ልጄ ይሉታል። ከነካ ግን ጋሻው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ልጁ ከቀዛፊዎች ጋር ይቆጠራል፤ እናቱም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ከወፍጮ ቤት አትወጣም። አዋጅ ነጋሪው ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ ነሐስ እንዳይነካው አደራ፣ አላት።

አደራው ለሌላ ሰው ይሆናል እንጂ ለሷ አያስፈልጋትም ነበር። መቃብሩ ከቤቱ ደጃፍ የማይታይ ሰው ዕቃ፣ ከገዛ ደሙ የሆነ ሰው እስኪለብሰው ድረስ፣ በሳላሚስ ምድር ነሐስ አይነካውም። የነሐስ ቢላ አይቆርጠውም፤ የነሐስ መርፌ አይበሳውም። ስለዚህ ምናሶ የአጥንት ወስፌዋን ከቀፎው አውጥታ በዘይት ወለወለችው። ልጁን ትናንት ለክታዋለች። ቁመቱ ጥሩ ነው፤ ትከሻው ግን ጠባብ ነው። ማንገቻው በአንድ ስንዝር ከአራት ጣት ይረዝምበታል። እንዳለ ቢያነግተው ጋሻው እንደ ማረሻ መሬቱን እየተለመ ነው የሚሄደው። መቁረጥ ካልተፈቀደ ማጠፍ ነው።

«ሰውየው እኮ ድንኳን ሲገባ የሚያጎነብሰው ድንኳኑ ነበር» አለ ባቲስ፣ ከማዶ አጥሩ ጥግ መረቡን እየጠገነ። «የሱን ማንገቻ ነው በስንዝር የምታሳጥሪው?»

«ምላስህንም እንዲሁ ባሳጥርልህ ደስ ይለኝ ነበር።»

ባቲስ ከተመለሱት ሦስት መርከቦች በአንዱ የመጣ አንካሳ ነው። ከዴክሲዮስ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ቀዝፈዋል። በየጠዋቱ የሚጠይቃት አንድ ነገር አለ፤ ዛሬም ጠየቀ። መደርደሪያዋ ላይ ያለው ጫማ መቼ ነው የሚያልቀው? ጫማው የዴክሲዮስ ነው። ግራው ተሰፍቶ አልቋል። የቀኙ ተረከዝና ጎን ተበስቶ ጠፍሩ ሳይገባለት ቀርቷል። ሊሄድ ሲል፣ ተይው፣ ስመለስ እጨርሰዋለሁ፣ ብሏት ነበር። እሷም በየጠዋቱ እንደምታደርገው ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ቆዳዋ ተመለሰች።

ኤውሪሳኬስ የመጣው ፀሐይዋ ከባሕሩ በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ስትል ነበር። ፀጉሩ ከባሕር ወጥቶ አልደረቀም። ሰዉ ምን ብሎ እንደሚጠራው አያውቅም፤ ጌታዬ እንዳይሉት ገና ነው፤ አንተ ልጅ እንዳይሉት ማታ የሚሆነው አይታወቅም። ምናሶ በስሙ ጠራችው። እሱ ሰላምታዋን ሳይመልስ ማንገቻውን ከጉልበቷ አነሣና ወደ ፊቱ አስጠጋው። ስፌቱን የሚያይ መስሏት ነበር።

አሸተተው። ገልብጦ ደግሞ አሸተተው።

«ምን አደረግሽበት፣ እትዬ ምናሶ?»

«ነከርኩት። ካልተነከረ አይታጠፍም።»

«በውሃ?»

«ታዲያ በምን ልንከረው?»

ልጁ ገንዳው ከንፈር ላይ ተቀመጠ። እጁን የደፈረሰው ውሃ ውስጥ ከተተና አውጥቶ አሸተተው። ከዚያ እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስል ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተወው።

ቀስ በቀስ ነገራት፤ ለሷ ሳይሆን ለውሃው ነበር የሚናገረው። የአባቱ ፊት ትዝ አይለውም። ድምፁም ትዝ አይለውም። ከትሮያ ሲመጡ አራት ዓመቱ ነበር። እሱና እናቱ ከእህል ጎተራው ጎን ባለችው ክፍል ኖሩ፤ ጋሻው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እሱ ከሥሩ ይተኛ ነበር። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዚህን ማንገቻ ሽታ። ላብ፣ ዘይት፣ በእጅ የታሸ ጦስኝ። አባቱ በጋሻው ስም ኤውሪሳኬስ፣ ሰፊ ጋሻ፣ ብሎ ሰይሞታል፤ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ትከሻውን እያዩ፣ ሰፊ ጋሻ ጠባብ ትከሻ፣ እያሉ ያሳድዱት ነበር። ያን ጊዜ ሮጦ ይገባና ፊቱን እዚህ ቆዳ ውስጥ ይቀብራል። እስኪወጣለት ድረስ። ባለፈው ሳምንትም አድርጎታል፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ።

ምናሶ በሕይወቷ የነከረችውን ቆዳ ብትቆጥረው የባሕር ዳር ጠጠር ያህል ነው፤ አንዱንም ከመንከሯ በፊት አሽትታ አታውቅም። ውሃውን አየችው። ሽታውን ከገንዳው ወስዳ ወደ ቆዳው የምትመልስበት ጥበብ ከአባቷ አልተማረችም።

«ባዶ ቆዳ ነው» አለ ልጁ። «ባዶ ቆዳ ተሸክሜ አያቴ ፊት አልቆምም።»

ባቲስ ማዶ ሆኖ መረቡን ጉልበቱ ላይ ጣለ። ከዚያ ምርኩዙን ይዞ ተነሣና፣ ሳይቀልድ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሽቅብ ማነከስ ጀመረ።

እናቱ ቴክሜሳ ስትመጣ ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ በገብስ ዱቄት ነጭ ነበር። ምናሶ ብድግ ብላ፣ «እመቤቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለቻት። ቴክሜሳ እመቤት የተባለችው ሴት ከኋላዋ የቆመች ይመስል ዞር ብላ አየች። ማንም አልነበረም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ማንገቻውን አነሣች፤ አሸተተችው፤ አስቀመጠችው። ልጇ ጎን፣ ገንዳው ከንፈር ላይ ተቀመጠች።

«የአባትህ ሽታ የጠፋው ሁለተኛው ክረምት ሳያልቅ ነው» አለችው።

«ውሸት ነው።»

«ስድስት ዓመትህ ነበር። አንድ ጠዋት አሸተትከውና፣ አባባ የለም፣ ብለህ አለቀስክ። እህል አልቀምስ አልክ። በሦስተኛው ቀን ማንገቻውን ፈታሁትና ከቀሚሴ ሥር በባዶ ትከሻዬ ላይ አሰርኩት። ሙሉ ወር እሱን ታጥቄ ፈጨሁ። ከዚያ አባትህ እንደሚያደርገው ዘይትና ጦስኝ አሸሁበትና ሰቀልኩት። አሸተትከውና፣ መጣ፣ አልከኝ። ከዚያ ወዲህ በየበጋው፣ አንተ ከጀልባዎቹ ጋር ስትሄድ።»

ልጁ ትከሻዋን አየው። ከቀሚሷ አንገት ጥግ የሚጀምር፣ የነጣና የጠነከረ ሰፊ ምልክት አለ። እሱ ሁልጊዜ የእንስራ ገመድ ያወጣው ይመስለው ነበር።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሳሸት የኖርኩት ማንን ነው?»

«እኔን።»

ባቲስ ገና መመለሱ ነበር፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ባሕሩን ያይ ጀመር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔ በየቀኑ አጠገብህ ነበርኩ» አለች ቴክሜሳ። «አጠገቡ ያለን ሰው ማን ይናፍቃል?» እጇ ሳታውቀው ወደ ማንገቻው ሄዶ ጠርዙን ነካ። «እኔም እሱን ስፈልግ እዚያው ነበር የማሸተው። የራሴ መሆኑን እያወቅሁ።»

ከዚያ ተነሣች። ዱቄቱ ሳይነፋ ንፋስ እንዳይበትነው መሄድ አለብኝ አለች። ጋሻውን ቢሸከመውም ባይሸከመውም ልጇ እሱ እንደሆነ፣ ወፍጮውን እንደሆነ እንደለመደችው፣ ለሷ ብሎ እንዳይሸከመው ነገረችውና ሄደች። ስትሄድ አላየችውም። ምናሶ ግን ከኋላዋ ሆና አንገቷን ስታይ፣ ይህች ሴት ወደ ወፍጮው የምትመለሰው ለምዳው እንዳልሆነ አወቀች። አሥራ ሦስት ዓመት የፈጨችው ለዛሬ ማታ ነው።

ኤውሪሳኬስ ብዙ ቆየ። የገንዳው ውሃ እስኪረጋና ዝቃጩ እስኪወርድ ድረስ ቆየ። በኋላ ቀሚሱን ከቀኝ ትከሻው ላይ ፈትቶ ጣለና ጀርባውን ለምናሶ ሰጣት።

«ለኪኝ» አላት።

ለካችው። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣ ያው ነው። ማንገቻውን ትከሻው መሐል ላይ አጠፈችውና ሦስቱን ድርብ በጣቶቿ ቆንጥጣ ያዘች። ውሃ የጠጣ ቆዳ ያብጣል፤ የድሮው ቀዳዳ ሁሉ አፉን ገጥሟል። አዲስ መብሳት ይቀላት ነበር። እሷ ግን የአጥንት ወስፌዋን አስተኝታ ወደ ግራ እያዘነበለች፣ በጨለማ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው፣ የዴክሲዮስን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ፈለገቻቸው። ነበሩ። ወስፌው ሲያገኛቸው ቆዳው አይታገልም። በነሱ በኩል ጅማቱን አሳለፈች። ሃያ ሁለት ጥልፍ ነው። ባቲስም ከማዶ ሆኖ ቆጥሯል።

ሲያልቅ ልጁ ሊያወልቀው ሲል እጁን ያዘችው።

«አይወልቅም። እርጥብ ቆዳ የሚይዘው ሲደርቅ ያገኘውን ትከሻ ነው። ላይህ ላይ ይድረቅ።»

ከማንገቻው ጫፍ የሚንጠለጠል ክብደት አስፈለገ። ባቲስ የመረቡን ድንጋዮች በቅርጫት አምጥቶ አሰረለትና ጫፉን ሳብ ሳብ አደረገው። «የምበላው በነዚህ ነው፤ ይዘሃቸው ንጉሥ ቤት እንዳትገባ» አለው። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ከዚያ ከመርከቦቹ ዳስ እስከ በለስ ዛፉ፣ ከበለስ ዛፉ እስከ ዳሱ፣ በቀትር ፀሐይ ይመላለስ ጀመር። ምናሶ በየዙሩ እያስቆመች ዘይት ትቀባዋለች። ማንገቻው መጀመሪያ ጠቆረ፤ ቀጥሎ ፈዘዘ፤ ከሰዓት በኋላ የትከሻውን አጥንት ቅርጽ ያዘ። ላቡ በዘይቱ ላይ ተንቆረቆረ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በለሱ ጥላ ሥር ሲደርስ፣ አንገቱን ወደ ትከሻው ሲያዘነብል አየችው። ፊቷን አዞረች።

ፀሐይዋ ወደ ሜጋራ ተራሮች ስታዘነብል ሰዉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመ። አራት ሰዎች ጋሻውን አንሥተው ከኋላው አስጠጉለትና ማንገቻው ላይ ቋጠሩት። ሲለቁት ልጁ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ቆመ። ጠርዙ ከመሬት በላይ ሁለት ጣት ነበር። ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው አዩ።

ወጣ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ በየመታጠፊያውም ዳገቱ ይበረታል። ሰው አያበረታታም፣ አያሾፍም፤ የሚሰማው የጋሻው ነሐስ ሲንቋቋና የልጁ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ጠጠር ከእግሩ ሥር ተንከባለለና ቀኝ ጉልበቱ ታጠፈ። ምናሶ ማንገቻውን ነበር የምታየው። ሦስቱ ድርብ ተወጠረ። ሃያ ሁለቱ ጥልፍ አንድ ላይ ጎልተው ሲወጡ አየች። ጅማቱ ያዘ። ልጁ ተንበርክኮ እንዳይወድቅ ወደ ፊት ጎበጠና ክብደቱን ሁሉ ጀርባው ላይ ወሰደው፤ ጠርዙ በሣር ጫፍ ላይ አለፈ፤ ቀና አለ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ክንዶቿን አጣጥፋ ቆማለች። አልቀረበችም።

የመጨረሻው የቤቱ ደፍ ነበር፤ ከፍ ያለ ድንጋይ ነው፤ ትልልቅ ሰዎችም ይሰናከሉበታል። ልጁ ደፉን አየ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ትከሻውን ከፍ አድርጎ ተሻገረው።

ቴላሞን ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸውን ነጭ ጋርዶታል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ነክቷል ወይ ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ አልነካም አሉ። ንጉሡ እጃቸውን ዘረጉ። ልጁ ቀረበ። እጃቸው መጀመሪያ በጠርዙ ዞረ፤ ቀስ ብሎ ወደ ማንገቻው ወጣ፤ እጥፋቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ስንት ገባ?»

ምናሶን ከኋላ ገፏት። «አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣ ጌታዬ» አለች።

ንጉሡ በገዛ ስንዝራቸው ለኩት። ከዚያ ጎንበስ አሉ። ሰዉ የሚስሙት መሰለው። ምናሶ ግን ይህን ዛሬ ጠዋት ከልጁ አይታዋለች፤ ማሽተታቸው ነበር። ብዙ ቆዩ።

«የማን ላብ ነው?»

«የኔ ነው» አለ ኤውሪሳኬስ። ትንፋሹ ገና አልተመለሰም። «የእናቴም አለበት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እንግዲህ የሟቹ ደም ስለለበሰው ነሐስ ሊነካው ይችላል፤ ትርፉን ቆርጠን ለጌታችን መታሰቢያ እንስጣቸው፣ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ቴላሞን እጃቸውን ከእጥፋቱ ላይ አላነሡም።

«አይቆረጥም» አሉ። «የልጅ ልጄ ገና ያድጋል።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩና፣ የዕለት ሥራ እንደሚያዝ ሰው በተራ ድምፅ፣ «እናቱን ከወፍጮ ቤት ጥሯት፤ እሳቱ አጠገብ ሁለት ቦታ አለ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ምናሶ ገንዳውን ሣሩ ላይ ደፋችው። ከዚያ ጫማውን ከመደርደሪያው አወረደች። ግራውን አቧራውን ጠርጋ ወደ ጎን አደረገችው። የቀኙ ቆዳ እንደ ቅርፊት ደርቋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትነክረው ነበር፤ አልነከረችውም። ዘይት በጣቷ እያስነካች፣ በትዕግሥት፣ ጠፍሩን ወደ ግራ ባዘነበሉት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አስገባችው። መጨረሻ ላይ ቋጠሮውን አጠበቀችና የተረፈውን ጫፍ በጥርሷ በጠሰችው፤ የሱም መቃብር ከደጃፏ አይታይምና።

ባቲስ ገና አልመጣም። ጫማዎቹን አጣምራ እሱ የሚቀመጥበት አጥር ላይ አኖረቻቸው። ወስፌዋን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችና ወደ ቀፎው መለሰችው።